ሰዓቱ የሚያየው ብርሃን ነው

በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኝ፣ «ከሙያህ ተነሥተህ አንድ የሚጠቅም ነገር ንገረን፤ ፎርሙላ ግን እንዳታበዛ» ብለውኛል። ቃል ገብቻለሁ። መምህሮቻችን ከፊት ስለተቀመጡ አንድ ሁለት ቁጥር ቢያመልጠኝ ግን ይቅር በሉኝ።

በጥያቄ ልጀምር። ስማርት ሰዓት ያሰራችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ከግማሽ በላይ ነን ማለት ነው። መልካም። አሁን የልብ ምታችሁን አንብቡና ቁጥሩን ያዙልኝ። ቀጥሎ የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣት በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አድርጉ። ትርታው ይሰማችኋል። እኔ ሠላሳ ሰኮንድ እይዛለሁ፤ ቁጠሩና በሁለት አባዙት።

የብዙዎቻችሁ ከሰዓቱ ጋር በሁለት ወይም በሦስት ምት ቢለያይ ነው። ተቀምጠን፣ ጸጥ ብለን፣ በሞቀ አዳራሽ ውስጥ ስንሆን ሰዓቱ ሥራውን በደንብ ይሠራል። የዛሬው ንግግሬ «ሰዓታችሁን አውልቃችሁ ጣሉ» የሚል አይደለም፤ እኔም አስሬአለሁ። የምናገረው ሰዓቱ መቼ እንደሚያውቅና መቼ እንደማያውቅ ነው። በተለይ ደግሞ በማያውቅበት ጊዜ ዝም ከማለት ይልቅ ቁጥር ስለሚነግረን ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

እናቴና ሰዓቷ

ጉዳዩ ወደ ቤቴ የገባው በእናቴ በኩል ነው። እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሰዓት ላከችላት፤ ሰዓቱ ከስልኳ ጋር፣ ስልኳ ደግሞ ከእህቴ ስልክ ጋር ተገናኘ። ከዚያ ወዲህ እህቴ ስትደውል ሰላምታው ሳያልቅ «እማዬ፣ ዛሬ 72 ነው፤ ደህና ነሽ» ትላለች። እናቴም ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ፣ «ልጄ እዚያ ሆና ልቤን ታየዋለች» እያለች ትኮራለች። ለእኛም ትልቅ ዕረፍት ነበር፤ ሩቅ ያለ ልጅ ምን እንደሚያስብ እዚህ ከውጭ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ የጾም ሰሞን እናቴ ደከመኝ ማለት ጀመረች። «ደረጃ ስወጣ ልቤ ይርበተበታል፤ ደረቴ ውስጥ ወፍ ገብቶ የሚራገብ ይመስለኛል» አለች። እህቴ ከዚያ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ሰዓቱን አየን። 76፣ 82፣ 79። «ጾሙ ነው እማዬ፤ ውሃ ጠጪ፤ ሰዓቱ ደህና ነሽ ይላል» አልናት። እሷም ሰዓቱን አምና ዝም አለች። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። ልብ በሉ፤ ይህን ያልኩት እኔ፣ ስለ ሲግናል አስተምሬ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቶቿ ሆስፒታል ወሰዷት። በማግስቱ እኔ ስደርስ ሐኪሙ እንደገና ሊያያት መጥቶ ነበር። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገ፤ ነርሷ ደግሞ የእናቴን አንጓ ያዘች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀምረው አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠሩ። ሐኪሙ «128» አለ። ነርሷ «86» አለች። ሰዓቱን አየሁት፤ 81 ይላል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ነርሷ ተሳስታለች» የሚል ነበር። አልተሳሳተችም። ሰዓቱም ብዙ አልተሳሳተም። ልቧ በደቂቃ 128 ጊዜ እየመታ፣ ከዚያ ውስጥ አንጓዋ ላይ የሚደርሰው 86ቱ ብቻ ነበር። ኢሲጂ ሲነሣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን መሆኑ ታወቀ። በዚህ ሕመም የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ፤ የታችኞቹም ያለ ወጥ ልክ ይመታሉ። አንዱ ምት ከሌላው በጣም ተቀራርቦ ሲመጣ ልብ ደም ሳይሞላ ይኮማተራል። ሐኪሙ ድምፁን በማዳመጫው ይሰማዋል፤ የሚገፋው ደም ግን ትንሽ ስለሆነ እጅ ላይ ትርታ አይፈጥርም። ሐኪሞች ይህን በደረትና በእጅ መካከል ያለ ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ለዚህ ነው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚቆጥረው።

እናቴ ዛሬ ደህና ናት፤ ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒትና ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። ይህ ሕመም ሳይታወቅ ሲቆይ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስምንቱን ቀን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ሰዓቱ አልዋሸንም፤ እኛ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንደመለሰ ቆጠርነው። እናታችን የሚሰማትን ነግራን ነበር። እኛ ከእሷ ይልቅ ቁጥሩን አመንን።

ሰዓቱ ልብን አያይም

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ማታ ሰዓታችሁን ገልብጣችሁ ብታዩት ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ብርሃኑን የሚያወጡት ኤልኢዲዎች ናቸው፤ አጠገባቸው ከቆዳ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን የሚቀበል ፎቶዳዮድ አለ። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ይውጣል። ልብ ሲመታ አንጓችን ላይ ወዳሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጨማሪ ደም ይገባል፤ ብርሃኑ ይዋጣል፤ ተመልሶ የሚመጣው ይቀንሳል። በሁለት ምቶች መካከል ደሙ ሲቀንስ ብርሃኑ መልሶ ይጨምራል። የሰዓቱ ሥራ ይህ ከፍና ዝቅ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ማስላት ነው። ዘዴው ፎቶፕሌቲስሞግራፊ ይባላል። አዲስም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ተመልሶ ከሚመጣው ብርሃን ውስጥ በልብ ምት ምክንያት የሚለዋወጠው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። የቀረው ሁሉ ከቆዳውና ከሥሩ ካለው ሥጋ የሚመጣ፣ ስለ ልብ ምንም የማይናገር ብርሃን ነው። ሠርግ ቤት ውስጥ ዘፈኑ እየደመቀ የአንድ ሰው ሹክሹክታ እንደመስማት ያለ ነው። ተቀምጠን ሳለን ዘፈኑ ዝም ይላል፤ ሹክሹክታው ይሰማል። ስንነሣ ዘፈኑ ይጀምራል።

ኢሲጂ ሌላ መንገድ ነው። ኢሲጂ ልብ እንዲኮማተር የሚያዘውን የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ራሱን ይመዘግባል። ኔዘርላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ መሣሪያው ክፍል የሚሞላ ነበር፤ ተመርማሪውም እጆቹንና አንድ እግሩን የጨው ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይነክር ነበር። ዛሬ ሯጮች ደረታቸው ላይ የሚያስሩት ቀበቶ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። እሱም የሚያነበው ኤሌክትሪኩን ነው። በአጭሩ፣ ኢሲጂና የደረት ቀበቶ ትእዛዙን ይሰማሉ፤ የእጅ ሰዓት ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ከሩቅ የሚታየውን ውጤት ያያል። ትእዛዝና ውጤት አንድ ሲሆኑ ሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። በእናቴ ላይ እንደሆነው ሲለያዩ ቁጥሩም ይለያያል።

አንዳንድ ሰዓቶች እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የኢሲጂ መሣሪያም ተጨምሮባቸዋል። የሌላውን እጅ ጣት ሰዓቱ ላይ አድርጎ ለሠላሳ ሰኮንድ መቆየት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ የልብ ምት ሥርዓት መዛባቱን ሊያሳይ ይችላል። ሆኖም አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ ኢሲጂ ነው፤ ሆስፒታል ያለው አሥራ ሁለት ያያል። የልብ ድካምንም ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመምን ለመለየት አልተሠራም። አምራቾቹ ራሳቸው ይህን ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ የማናነበው እኛ ነን።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

«እሺ፣ ያንተ እናት አንድ ሰው ናቸው፤ በብዙ ሰው ላይ ሲለካስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በክሊቭላንድ ክሊኒክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 50 ጤነኛ ሰዎችን መሮጫ ማሽን ላይ አውጥተው አራት የእጅ መሣሪያዎችንና አንድ የደረት ቀበቶን ከኢሲጂ ጋር አስተያዩ። ሙሉ ስምምነት 1 ተብሎ በሚለካበት ሚዛን የደረት ቀበቶው 0.99 አገኘ። የእጅ መሣሪያዎቹ ከ0.83 እስከ 0.91 ላይ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ60 ሰዎች ላይ ሰባት መሣሪያዎችን ፈተነ። ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። የተቃጠለ ካሎሪን ግን አንዱም በትክክል አልለካም፤ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ተሳሳተ። እንግዲህ «ሰዓቱ 500 ካሎሪ አቃጥለሃል ስላለኝ» ብላችሁ ዛሬ ማታ ክትፎ የምትጨምሩ ካላችሁ፣ ኃላፊነቱን እኔ አልወስድም።

ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ነው። 419,297 ሰዎች በሰዓታቸው አማካይነት ያልተስተካከለ ትርታ ይኖርባቸው እንደሆነ ተከታተሉ። ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማስጠንቀቂያው ከደረሳቸው በኋላ ደረት ላይ የሚለጠፍ ኢሲጂ ተልኮላቸው ለምርመራ ከመለሱት 450 ሰዎች ውስጥ 34 በመቶው ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተገኘ። ሕመሙ የሚመጣና የሚሄድ በመሆኑ ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ልጥፉ ደረታቸው ላይ እያለ ሰዓቱ ማስጠንቀቂያ በሰጠባቸው ጊዜያት ግን ከመቶ 84ቱ ልክ ነበሩ። ሰዓቱ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ሲል ስሙት ማለት ነው። ተቃራኒው ግን አይሠራም። ሰዓቱ ሳትንቀሳቀሱ በየተወሰነ ጊዜ ነው ፍተሻ የሚያደርገው፤ ሁልጊዜ አያይም። ዝምታው «ሕመም የለም» የሚል የምስክር ወረቀት አይደለም። የእናቴም ሰዓት ዝም ብሎ ነበር።

የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

አንደኛው እንቅስቃሴ ነው። እዚህ ላይ ኢንጂነሮቹ ይረዱኝ። በደቂቃ 60 ምት ማለት በሰኮንድ አንድ ነው፤ 180 ምት በሰኮንድ ሦስት ነው። ሯጭ ደግሞ በደቂቃ ከ170 እስከ 180 እርምጃ ይረግጣል። ይህም በሰኮንድ ሦስት ገደማ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰዓቱ አንጓው ላይ ይዘላል፤ ደሙም ይናወጣል፤ ብርሃኑ ይለዋወጣል። ሁለቱ ሞገዶች እዚያው ሰፈር ውስጥ ናቸው፤ በተራ ማጣሪያ አይለያዩም። ሰዓቱ እንቅስቃሴውን በአክስለሮሜትር ለክቶ ለመቀነስ ይሞክራል። አንዳንዴ ግን ይሸነፍና እርምጃችሁን እንደ ልብ ምት ይቆጥራል። ገና ሩጫ ጀምራችሁ፣ ትንፋሻችሁ ሳይጨምር 175 ካሳያችሁ ልባችሁ ሳይሆን እግራችሁ ነው። ከስታዲየም ዙሪያ ሩጫ ይልቅ ክብደት ማንሣት፣ ልብስ ማጠብ፣ ሊጥ ማቡካት ደግሞ ይብሳል፤ አንጓው ሲታጠፍና ጡንቻው ሲወጠር ደሙን ይገፋዋል።

ሁለተኛው አስተሳሰሩ ነው። ሰዓት እንደ አምባር ተንጠልጥሎ አይለካም፤ በብርሃኑና በቆዳው መካከል ክፍተት ይገባል። ከአጥንቱ ጉብታ በላይ፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ክርን ከፍ ብሎ፣ ሳያፍን ጠበቅ ማለት አለበት። ብርድም አለ። በጠዋት እንጦጦ ስትወጡ የእጃችሁ ደም ሥሮች ሙቀት ለመቆጠብ ይጠባሉ፤ ሹክሹክታው ይበልጥ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ቆዳችን ነው። ይህ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። የስታንፎርዱ ጥናት ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ስህተቱ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ53 ሰዎች ላይ ያደረገው ጥናት ደግሞ በቆዳ ቀለም ምክንያት የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ ልዩነት ያገኘው በእንቅስቃሴ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው ስህተት ከዕረፍት ጊዜው በአማካይ 30 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ለልብ ምት የሚያስፈልገው የሞገዱ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሞገዱ ቢደክምም እስከታየ ድረስ ይቆጠራል፤ አምራቾችም ብርሃኑን ሊያጠነክሩ ይችላሉ። የደም ኦክስጅን ልኬት ግን እንዲህ አይደለም፤ እሱ የሁለት ብርሃኖችን መጠን ስለሚያነጻጽር የቆዳው ቀለም ውጤቱን ራሱን ሊያዛባ ይችላል።

የኦክስጅኑን ነገር ያነሣሁት ትልቅ ትምህርት ስላለው ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ባገኘው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ለአሥርተ ዓመታት በየሆስፒታሉ ሲሠራ ቆይቶ በኮቪድ ዘመን፣ በ2020 መጨረሻ፣ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ወጣ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ፣ ማለትም ደህና ነው ከሚባል ልክ አካባቢ ሲያሳይ፣ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በመቶ በታች የተገኘው ከነጭ ታካሚዎች 3.6 በመቶ፣ ከጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሆስፒታል የሚጠቀምበት መሣሪያ እንዲህ ከሆነ፣ ከሱቅ ስለገዛነው ሰዓት «በእኛ ላይ ተፈትኗል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥርጣሬ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ንቅሳትም አለ። የቀለሙ ጥቁረት ብርሃኑን ሊከለክል ይችላል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እጃቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። እናቴ በግራ አንጓዋ ላይ ስላላት ሰዓቱን በቀኝ ነው የምታስረው፤ በግራ ስታስረው ቁጥሩ ይጠፋል። በእኔ አስተያየት ያ ከሁሉ የታመነው የሰዓቱ መልስ ነው። ማየት ሳይችል «አላየሁም» ብሏልና።

ሁሉም ሰዓት ይህን አይልም። አንድ ተማሪዬ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በርካሽ የገዛውን ሰዓት ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ምሳችን ውስጥ የነበረ ሙዝ ነበር። ሰዓቱን ሙዙ ላይ አሰርነው። 78። ጥቂት ቆየን፤ 81። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደሴን አስታውሼ ብዙም አልሳቅሁ። ሙዙ ሕያው አይደለም፤ ሰዓቱም ምናልባት ከመብራቱ መርገብገብ ወይም ከጠረጴዛው ንዝረት ሞገድ ፈልጎ አገኘ፤ ወይም ለሰው የሚመስል ቁጥር ብቻ አወጣ። ሲግናሉ ጥሩ መሆኑን የሚመዝን፣ ካልሆነ ደግሞ ባዶ መስመር የሚያሳይ በር አልተሠራለትም። የመሣሪያ ታማኝነት ዋናው መለኪያ ይህ ይመስለኛል፤ ሲያውቅ ምን ያህል ልክ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሳያውቅ አላውቅም ማለቱ።

ከቁጥሩ በላይ ያለው ትርጉም

ሰዓቱ በትክክል ቢለካ እንኳ አፑ ትርጉም ይጨምርበታል። «ቀይ ክልል ገብተሃል» ሲላችሁ ከምን ተነሥቶ ነው? ብዙውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ነው። የ60 ዓመት ሰው ከፍተኛ ምቱ 160 ነው ይላል። ይህ አማካይ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው በአሥርና በአሥራ ሁለት ምት፣ ከዚያም በላይ ይለያያል። ለአንዱ 160 አደጋ ሲሆን ለሌላው ሙቀት ማሟሟቂያ ነው። ልብ ምትን የሚያቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ቀመሩ ጭራሽ አይሆንም።

ሌላ ምሳሌ። ከዋሽንግተን የመጣ ጓደኛችን ትናንት «ሰዓቴ ተበላሸ» ብሎኝ ነበር። ተኝቶ 58 የነበረው ምቱ አዲስ አበባ ካረፈ ወዲህ 68 ሆነበት። ሰዓቱ አልተበላሸም ወንድሜ። ከባሕር ጠለል አጠገብ ተነሥተህ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥተሃል፤ አየሩ ሳስቶብሃል፤ ልብህ በቁጥር እያካካሰ ነው። በጥቂት ቀናት ይለምዳል። እዚህ ላይ ልኬቱ ልክ ነው፤ ስህተቱ ትርጉሙ ላይ ነው።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁትን ደንብ ልንገራችሁ። በዕረፍት ጊዜ የሚታየውን ቁጥር አምናለሁ፤ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የሳምንታቱን አካሄድ አያለሁ። በእንቅስቃሴ ላይ ያለውን እጠረጥራለሁ፤ ለስፖርት ትክክለኛ ቁጥር ከፈለግሁ የደረት ቀበቶ አስራለሁ። ሰዓቱ ካስጠነቀቀኝ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ደረት ቢወጋ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ልብ ቢርበተበት፣ ራስ ቢያዞር ግን ሰዓቱን አላየውም። ሰዓት ጥርጣሬ እንዲጨምርብን ልንፈቅድለት እንችላለን፤ ሰውነታችን የነገረንን እንዲሽርብን ግን አይፈቀድለትም።

ለቤታችን የቀረበ ሥራ

ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ይህ ለመምህሮቻችንና ለማኅበራችን ነው። እስካሁን የጠቀስኳቸው ጥናቶች ሁሉ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የተፈተኑት ሰዓቶች አብዛኞቹ ዛሬ ገበያ ላይ የሉም፤ ያሉትም ሌሊት በሚመጣ የሶፍትዌር ማሻሻያ አልጎሪዝማቸው ይቀየራል። በእኛ ቆዳ፣ በእኛ ከፍታ፣ በእናቶቻችን ንቅሳት ላይ መፈተን ያለብን እኛ ነን። ደግሞም ይህ ከባድ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ኢንጂነሪንግና ሕክምና አንድ ግቢ ባይሆኑ እንኳ አንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም የተለያዩ ፈቃደኞች፤ የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ታካሚዎችም በሐኪማቸው ክትትል ይካተቱ። አንድ ኢሲጂ እንደ ዋቢ፣ አንድ የደረት ቀበቶ፣ በሁለቱ እጆች ሁለት ሰዓት። መቀመጥ፣ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ልብስ ማጠብ። ውጤቱ ሲተነተን ኮሪሌሽን ብቻ አይብቃን። ሁልጊዜ 20 ጨምሮ የሚያነብ ሰዓት ፍጹም ኮሪሌሽን ይኖረዋልና። ብላንድና አልትማን በ1986 እንዳሳዩት ልዩነቱን ራሱን በአማካዩ አንጻር እንሣለው፤ ምን ያህል እንደሚያዛባና ምን ያህል እንደሚበተን ይታያል። የሰዓቱን ሞዴልና የሶፍትዌሩን ቁጥር እንመዝግብ። ባዶ መስመር ያሳየበትን ጊዜም አንጣለው፤ ያ ውጤት ነው።

ከውጭ ለመጣችሁ ጓደኞቼ አንድ ልመና አለኝ። አዲስ ሰዓት ስትገዙ አሮጌው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። በሚቀጥለው ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ጣሉት። የደረት ቀበቶም የምትችሉ አምጡ። ተማሪዎቹ አሉን፤ ጥያቄው አለን፤ ኢሲጂውን የሕክምና መምህሮቻችን አያጡትም። ከሁለትና ከሦስት የመመረቂያ ጽሑፎች በኋላ እዚሁ መድረክ ላይ አንድ ተማሪ ወጥቶ «በእኛ ሰዎች ላይ እንዲህ ሆኖ ተገኘ» ቢለን ለእኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይበልጣል።

ለእህቴም ያስተማርኳትን እናንተም ይዛችሁ ሂዱ። አሁን ለእናቴ ስትደውል ቁጥሩን አታነብላትም። መጀመሪያ «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ምን ይሰማሻል?» ብላ ትጠይቃታለች። ጥርጣሬ ካላት ጎረቤቷ ሁለት ጣት አንጓዋ ላይ አድርጋ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንድትቆጥር፣ ትርታው ወጥ መሆኑንም እንድትነግራት ትጠይቃለች። ወጥ ካልሆነ ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው። ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ታየዋለች።

ያን ቁጥር የያዛችሁልኝ፣ ልዩነታችሁ ከአሥር በላይ የሆነ ካለ ሻይ ላይ ፈልጉኝ፤ አብረን እንቁጠር።